ጥላ ወደ ደቡብ ሲዞር፦ ትሪጎኖሜትሪን ተረድቶ ወደ ካልኩለስ መሻገር

ሸሕዲ ላይ ቀትር የሚሆነው ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ሸሕዲ ያለችበት የመተማ ቆላ ደግሞ 36 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ይገኛል። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ የስልካችን ሰዓት ስድስት ሲል የሸሕዲ ፀሐይ አናት ላይ ለመድረስ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀራታል። ሌላም አለ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትቆም ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ነው። በሁለቱ ወቅቶች መጋጠሚያ፣ ሚያዝያ 16 እና ነሐሴ 12 አካባቢ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ በቀትር ጥላ ያጣል።

በዚህ ቆላ ያደገ ልጅ ይህን ሁሉ በዓይኑ እያየ ነው የሚያድገው። 9ኛ ክፍል ገብቶ ትሪጎኖሜትሪ ሲጀምር ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰጠው «ሶ ካ ቶዋ» የምትባል ማስታወሻ ናት፤ ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የትኛው ጎን ለየትኛው ሲካፈል እንደሚገኙ የምታስታውስ። 10ኛ ክፍል ላይ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ምልክቶችን የሚያስታውስ ሌላ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይጨመርለታል። ከዚያ ቀመር በቀመር ላይ ይደረደራል። 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ሠንጠረዥ ይመጣል፦ የሳይን ዴሪቫቲቭ ኮሳይን፣ የኮሳይን ዴሪቫቲቭ ኔጌቲቭ ሳይን። ኔጌቲቩ ከየት መጣ? ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ያለው ክፍል ጥቂት ነው።

ትሪጎኖሜትሪ ሐሳቡ ጥቂት፣ ቀመሩ ብዙ የሆነ ትምህርት ነው። ጥቂቶቹን ሐሳቦች በቅደም ተከተላቸው የያዘ ሰው ቀመሮቹን ከሞላ ጎደል ራሱ ያወጣቸዋል፤ ካልኩለስም ሲመጣ እንግዳ አይሆንበትም። ቅደም ተከተሉን ከጥላ እንጀምረው።

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ደልዳላ መሬት ላይ እንትከል። ቀጥ ማለቱን በግንበኛ ቱንቢ፣ የመሬቱን ደልዳላነት በውኃ ልክ ማረጋገጥ ይቻላል። የዘንጉ ጥላ 80 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል፤ በዚያው ደቂቃ የአንድ የስልክ ማማ ጥላ 32 ሜትር ቢሆን የማማው ቁመት 40 ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ ሳይንም ታንጀንትም አላስፈለገንም። ፀሐይ በጣም ሩቅ ስለሆነች ጨረሯ በዘንጉም በማማውም ላይ በአንድ ዓይነት ዘዌ ይወርዳል። ስለዚህ ዘንጉ ከጥላው ጋር የሚሠራው ትንሽ ጎነ ሦስት፣ ማማው ከጥላው ጋር ከሚሠራው ትልቅ ጎነ ሦስት ጋር ምስስል ነው። ትልቁ የትንሹ አርባ እጥፍ ነው፤ መልኩ ግን አንድ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህች ላይ ነው። ጎነ ሦስቱ ቢያንስም ቢገዝፍም ዘዌው እስካልተለወጠ ድረስ የጎኖቹ ንጥጥር አይለወጥም። ንጥጥሩ ካልተለወጠ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዘዌ አንድ ጊዜ አስልቶ መዝግቦ ማስቀመጥ ይቻላል። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት ይህ መዝገብ ናቸው፤ የካልኩሌተሩ ቁልፍ የሚገልጠውም ይህንኑ መዝገብ ነው። ቀላል ይመስላል። ሆኖም «ሳይን 30 ዲግሪ ግማሽ ነው» ሲባል «የምን ግማሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ አይደለም። ግማሽ ሜትር አይደለም፤ ግማሽ ኪሎም አይደለም። ከዘዌው ፊት ለፊት ያለው ጎን የረጅሙ ጎን፣ የሃይፖቴኑሱ፣ ግማሽ ነው ማለት ነው። ይህን የጠየቀ ልጅ ማስታወሻ ቃሏን ቢረሳት እንኳ ሥዕል ሥሎ ያገኛታል።

የዚህ መዝገብ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በራሳችን ምድር ታሪክ ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1848 ባሉት ዓመታት ኢትዮጵያን ሲዞር፣ ጎንደርንም ጨምሮ፣ ከያዛቸው ዋና መሣሪያዎች አንዱ ዘዌ መለኪያው ቴዎዶላይት ነበር። ከከፍታ ወደ ከፍታ እያነጣጠረ ዘዌዎችን መዘገበ፤ ውጤቱንም «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርዕስ ከ1860 እስከ 1873 አሳተመው። ገደልና ሸለቆ በበዛበት አገር በሁለት ተራራ ጫፎች መካከል ገመድ መዘርጋት አይሞከርም። ዘዌ ግን ቆሞ በማየት ይለካል። የአንድ ጎነ ሦስት አንድ ጎን ከታወቀና ሁለት ዘዌዎቹ ከተለኩ የቀሩት ጎኖች በስሌት ይወጣሉ፤ የወጣው ጎን ለሚቀጥለው ጎነ ሦስት መነሻ ይሆናል፤ እንዲህ እየተባለ አገር ይሸፈናል።

ስሌቱን የሚሠራው የሳይን ሕግ የሚባለው ቀመር ነው። ተማሪዎች ሲሸመድዱት ያስፈራል፤ ሲታይ ግን ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከጎነ ሦስቱ ጫፍ ወደ መሠረቱ ቱንቢ እንጣል። የቱንቢውን ርዝመት በግራው ጎንና በግራው ዘዌ ሳይን ማስላት ይቻላል፤ በቀኙ ጎንና በቀኙ ዘዌ ሳይንም እንዲሁ። ከሁለቱም ወገን የተሰላው ያው አንድ ቱንቢ ስለሆነ ሁለቱ ውጤቶች እኩል ናቸው። እኩል ብለን ከጻፍናቸው የሳይን ሕግ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

ጎነ ሦስት ግን ቶሎ ይበቃዋል። ቀጤ ዘዌ ባለው ጎነ ሦስት ውስጥ ከቀሩት ሁለት ዘዌዎች አንዱም 90 ዲግሪ ሊሞላ አይችልም። ታዲያ 10ኛ ክፍል ላይ «ሳይን 150 ዲግሪ ስንት ነው?» ሲባል የትኛውን ፊት ለፊት ጎን ለየትኛው ሃይፖቴኑስ እናካፍል? ጎነ ሦስቱ የለም። በእኔ ግምት ብዙ ተማሪ ከትሪጎኖሜትሪ ጋር የሚለያየው እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ እስከዚህ ድረስ የያዘው ትርጉም ድንገት ሥራውን ሲያቆም፣ በምትኩ የምልክት ሠንጠረዥ ብቻ ይሰጠዋል።

የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ትርጉም ነው። የቆመች ባጃጅ አንድ ጎማ በክሪክ ከመሬት እናንሳና ጎማው ዳር ላይ ነጭ ቀለም እንንካ። የጎማውን ሬድየስ 1 እንበለው፤ በሴንቲ ሜትር ስንት መሆኑ አያስፈልገንም። ነጩ ነጥብ በቀኝ በኩል ከጎማው መሃል እኩል ከፍታ ላይ ሲሆን ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው እንበል። ከዚያ ወደ ላይ እያደረግን፣ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ እናዙረው። ነጥቡ ከጎማው መሃል ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን የሚናገረው ቁጥር ሳይን ይባላል። ምን ያህል ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መሆኑን የሚናገረው ኮሳይን ነው።

አሁን የተሸመደደው ሁሉ ይታያል። 30 ዲግሪ ላይ ከነጥቡ ቱንቢ ብንጥል የቀድሞው ጎነ ሦስት ተመልሶ ይመጣል፤ ሃይፖቴኑሱ 1 ስለሆነ ማካፈል አያስፈልግም፤ አሮጌው ትርጉም በአዲሱ ውስጥ አለ። 150 ዲግሪ ላይ ነጥቡ በግራ በኩል በዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ሳይኑ ያው ግማሽ፣ ኮሳይኑ ግን ወደ ግራ ስለሆነ ኔጌቲቭ። 390 ዲግሪ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ ዞሮ እንደገና 30 ላይ መድረሱ ነው። ሳይን ከ1 ሊበልጥ፣ ከኔጌቲቭ 1 ሊያንስ አይችልም፤ ነጥቡ ከጎማው አይወጣማ። የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር 1 ነው የሚለው ዝነኛ ቀመር ደግሞ ሬድየሱ 1 በሆነ ጎማ ላይ የተጻፈ የፓይታጎረስ ሕግ ነው።

ታንጀንትም ቦታውን ያገኛል። የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ፣ በሜትር ሲለካ፣ ፀሐይዋ ከአናት የራቀችበት ዘዌ ታንጀንት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ዘዌው ዜሮ፣ ጥላውም ዜሮ ነው። ፀሐይ ወደ አድማስ ስትወርድ ዘዌው ወደ 90 ይጠጋል፣ ጥላውም ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ ስትጠልቅ መጨረሻ የለውም። መጽሐፉ «ታንጀንት 90 ዲግሪ ላይ አይተረጎምም» ብሎ የሚያልፈው ነገር በየምሽቱ ሜዳው ላይ የሚታይ ነው።

ስለ ሽምደዳ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሽምደዳ መጥፎ ነው የሚለው ወገን አይመቸኝም። የሁለት ዘዌዎች ድምር ሳይንና ኮሳይን ቀመሮች በቃል ቢያዙ ዋጋ አላቸው፤ ምክንያቱም የእጥፍ ዘዌ፣ የግማሽ ዘዌ፣ ድምርን ወደ ብዜት የሚቀይሩት ሁሉ ከእነሱ ይወለዳሉ። ከሃያ ቀመር ሁለቱን መያዝና የቀሩትን ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሃያውን እንደ ስልክ ቁጥር መያዝ ሌላ ነው። ስልክ ቁጥር አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ስህተቱን የሚነግርህ የለም። የጎማውን ሥዕል የያዘ ተማሪ ግን የ30 እና የ60 ዲግሪ ድምርን ሳይን በየተራ ደምሮ 1.366 ሲያገኝ፣ ነጥቡ ከጎማው ወጥቷልና ስህተት መሥራቱን ወዲያው ያውቃል።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ካልኩለስ የሚያስገባው በር ግን እሱ ነው፦ ከዲግሪ ወደ ራዲያን መሻገር። ሙሉ ዙርን 360 ቦታ መክፈል ከጥንት ባቢሎናውያን የወረስነው ልማድ ነው፤ ለቆጠራ ይመቻል፣ ከክቡ ተፈጥሮ ግን የመጣ አይደለም። ራዲያን ክቡን በራሱ ይለካዋል። ነጩ ነጥብ በጎማው ዳር ላይ የሬድየሱን ያህል ርዝመት ከተጓዘ አንድ ራዲያን ዞሯል። ይህ 57.3 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙሉ ዙሩ 6.28 ራዲያን፣ ማለትም ሁለት ፓይ ነው። ሬድየሱ 1 በሆነ ጎማ ላይ የዘዌው ቁጥርና ነጥቡ የተጓዘው የቅስት ርዝመት አንድ ቁጥር ናቸው። የራዲያን ጥቅሙ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በሥራ ላይ እንየው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 አካባቢ፣ አንድ ተማሪ ሸሕዲ ላይ፣ ሌላው አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሜትር ዘንግ ተክለው በየቦታቸው ቀትር፣ ጥላ ከሁሉ በሚያጥርበት ጊዜ፣ ይለኩ። ሸሕዲ 23 ሴንቲ ሜትር፣ አዲስ አበባ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። በካልኩሌተሩ ወደ ዘዌ ሲመለሱ 12.95 እና 9.09 ዲግሪ ናቸው፤ ልዩነታቸው 3.86 ዲግሪ፣ በራዲያን 0.0674። በካርታ ላይ ሸሕዲ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የምትርቀው 415 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ምዕራብ ያለው ርቀት አይቆጠርም። ይህ ርቀት በምድር ክብ ላይ ያለ ቅስት ነው፤ ለራዲያኑ ሲካፈል የምድርን ሬድየስ ይሰጣል፦ 415 ሲካፈል ለ0.0674፣ 6,160 ኪሎ ሜትር ገደማ። የምድር አማካይ ሬድየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለት ዘንግና በአንድ ማካፈል ይህን ያህል መጠጋት ቀላል አይደለም።

ዘዴው የኤራቶስቴነስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ የኖረው ይህ ሊቅ፣ በክረምቱ መግቢያ ረጅም ቀን አስዋን ላይ ፀሐይ ጥላ እንደማትጥል ሰምቶ፣ በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ ዘዌውን ለካ፤ የክቡን አንድ ሃምሳኛ፣ 7.2 ዲግሪ፣ አገኘ። 

አሁን ካልኩለስ። ነጩ ነጥብ በየሰከንዱ አንድ ራዲያን እየዞረ ነው እንበል። ራዲያንና ቅስት አንድ ስለሆኑ በየሰከንዱ የሚጓዘው ርዝመትም 1 ነው፤ ፍጥነቱ 1። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የነጥቡ ከፍታ በምን ፍጥነት ይለወጣል? ዴሪቫቲቭ የሚባለው ይህ የለውጥ ፍጥነት ነው። በቀኝ ዳር፣ ከመሃሉ እኩል ላይ ሳለ ነጥቡ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከፍታው በሙሉ ፍጥነት፣ በ1፣ ይጨምራል። አናት ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ብቻ ነው የሚሄደው፤ ያን ቅጽበት ከፍታው አይጨምርም አይቀንስም። በግራ ዳር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ኔጌቲቭ 1። ግርጌ ላይ እንደገና ዜሮ። እነዚህን አራት ቁጥሮች በቅደም ተከተል እንያቸው፦ 1፣ 0፣ ኔጌቲቭ 1፣ 0። የኮሳይን ቁጥሮች ናቸው።

በአራቱ ቦታዎች ብቻ ሳይሆን በመካከላቸውም እንዲሁ ነው። በክብ ላይ የሚሄድ ነጥብ የሚያመራበት አቅጣጫ ምንጊዜም ከመሃል ወደ እሱ ለሚዘረጋው ሬድየስ ቀጤ ነክ ነው። የፍጥነቱን ቀስት ብንሥለው ርዝመቱ 1፣ አቅጣጫው ሬድየሱ ሩብ ዙር ሲዞር የሚደርስበት ነው። ሬድየሱ ወደ ቀኝ በኮሳይን፣ ወደ ላይ በሳይን ይለካል። ሩብ ዙር ሲዞር ወደ ቀኝ የነበረው ወደ ላይ ይሆናል፤ ወደ ላይ የነበረው ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ የፍጥነቱ ቀስት ወደ ላይ ያለው ክፍል ኮሳይን ነው፤ የሳይን ዴሪቫቲቭ ይህ ነው። የአግድሙ ክፍል ሳይን ሆኖ ወደ ግራ ነው፤ የኮሳይን ዴሪቫቲቭ ኔጌቲቭ ሳይን የሚሆነው በዚህ ነው። ኔጌቲቩ ከሠንጠረዥ የወረደ ትእዛዝ አይደለም፤ በላይኛው ግማሽ ክብ ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ወደ ግራ ስለሚሄድ ነው።

ይህን በዲግሪ ብንሠራው ምን ይሆን ነበር? ነጥቡ አንድ ዲግሪ ሲዞር የሚጓዘው 0.01745 ብቻ ነው። የሳይን ዴሪቫቲቭ 0.01745 ሲባዛ በኮሳይን ይሆናል፤ ዳግመኛ ዴሪቫቲቭ ሲወሰድ ያ ቁጥር እንደገና ይባዛል፤ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል። 12ኛ ክፍል ላይ ዲግሪ ሳይታሰብ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። በሊሚት ምዕራፍ የሚመጣው «ሳይን ኤክስ ሲካፈል ለኤክስ፣ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ 1 ነው» የሚለውም ይህንኑ በሌላ አፍ ይናገራል፦ ዘዌው ሲያንስ ቅስቱና ቱንቢው ይገጣጠማሉ። የ0.1 ራዲያን ሳይን 0.0998 ነው፤ የ0.01 ደግሞ 0.0099998። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ላይ እንዳለ ማካፈሉን የሞከረ ልጅ ግን 0.01745 ያገኝና መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ በሰማይ ላይ ይታያል። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን እስከ 23.4 ዲግሪ ትወጣለች፣ በስተ ደቡብም ያንኑ ያህል ትወርዳለች። ከመጋቢት 11 ጀምሮ ቀን ብንቆጥር፣ ቦታዋ በጥሩ ግምት 23.4 ሲባዛ በሳይን ነው፤ በሳይኑ ውስጥ ያለው ዘዌ ሁለት ፓይ ሲባዛ በቀኑ ቁጥር ሲካፈል ለ365። ጎማው አንዱን ዙር በዓመት ይጨርሳል ማለት ነው። በቀን ስንት ዲግሪ ትሄዳለች? ዴሪቫቲቩ ይመልሳል፦ 23.4 ሲባዛ በ6.28 ሲካፈል ለ365፣ ይህም በኮሳይን ይባዛል። ኮሳይኑ 1 በሆነበት በመጋቢት ፍጥነቷ በቀን 0.4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዜሮ በሆነበት በታኅሣሥና በሰኔ ግን የቆመች ትመስላለች።

በሸሕዲ ዘንግ ጥላ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይለካል። ከመጋቢት 2 እስከ መጋቢት 22 ባሉት ሃያ ቀናት የቀትሩ ጥላ ከ30 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 ይወርዳል፤ በግማሽ ይቆረጣል። ከታኅሣሥ 2 እስከ 22 ባሉት ሃያ ቀናት ደግሞ ከ72 ወደ 73 ወጥቶ ወደ 72 ይመለሳል፤ የጥላው ጫፍ ራሱ ብዥ ስለሚል ለውጡን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። ሰኔ ላይም ያው ነው፣ ደመናው ግን አያስለካም። ካልኩለስ ሳይማር ይህን ለአንድ ዓመት የመዘገበ ተማሪ፣ ማክሲመም ላይ ዴሪቫቲቭ ዜሮ ነው የሚለውን ሕግ ከመጽሐፉ በፊት ራሱ ያገኘዋል።

አባቶች ጥላን ያውቁታል። ሊቃውንት ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ይቆጥሩ ነበር፤ በየወሩ ስንት ጫማ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚናገሩ የግእዝ ሠንጠረዦች አሉ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በ72ኛው ምዕራፍ የፀሐይን ጉዞ በስድስት የምሥራቅ በሮችና በስድስት የምዕራብ በሮች ይገልጸዋል። ቀንና ሌሊቱን 18 ክፍል አድርጎ፣ ቀኑ በየወሩ አንድ አንድ ክፍል እየጨመረ እስከ 12 ይደርሳል፣ ከዚያ አንድ አንድ እየቀነሰ ይመለሳል። ለውጡ በየወሩ እኩል ነው። በግራፍ ቢሣል ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ የመጋዝ ጥርስ ይሆናል። እውነተኛው ለውጥ ግን ጫፍ ላይ ይዘገያል፣ መካከል ላይ ይሮጣል። በቀጥታ መሥመሩና በሳይኑ መካከል ያለው ልዩነት፣ እኩል ጭማሪ ከሚለዋወጥ ጭማሪ የሚለይበት፣ የካልኩለስ መነሻ ጥያቄ ነው። 

ለፈተና ለሚዘጋጅ ልጅ ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ የሂሳብ ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም ብዙ ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ትምህርት የተቋረጠባቸው ዓመታት ተጨምረውበታል። ሆኖም በምርጫ ፈተና ላይ ጊዜ የሚቆጥበው ሾርትከት የሚሠራው ጥያቄው በለመድነው መልክ ሲመጣ ነው። ክፍል አምልጦት ብቻውን የሚያነብ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ቢይዘው የምመክረው የጎማውን ሥዕል ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። በሁለተኛው ቀን ራዲያንን ይጨምርበት፤ ሁለቱን የድምር ቀመሮች ከዚያ በኋላ። የልዩ ዘዌዎችን ሠንጠረዥ፣ 30፣ 45፣ 60፣ ከመሸምደዱ በፊት እኩል ጎን ያለውን ጎነ ሦስትና ካሬውን ለሁለት ከፍሎ ራሱ ያውጣው። ግራፉን በእጁ ይሣለው፤ በስልክ አይደለም።

ጥላውን ለዓመት በጥንቃቄ የሚለካ ተማሪ አንድ የማይገጥም ነገር ያገኛል። በሳይኑ ቀመር መሠረት ፀሐይ በሰሜን የምትቆየውና በደቡብ የምትቆየው እኩል ቀን መሆን ነበረበት። ቢቆጥር ግን ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት የመጋቢት ቀን እስከ መስከረሙ 186 ቀን፣ ከመስከረም ተመልሶ እስከ መጋቢት 179 ቀን ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፤ በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ወደ ፀሐይ ትቀርብና ትፈጥናለች፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ትርቅና ትዘገያለች። አንዱ ጎማ ብቻውን ይህን አይችለውም። ማስተካከያው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዞር ሌላ ትንሽ ጎማ፣ ሌላ ሳይን፣ በመጀመሪያው ላይ መደመር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፉሪየር በሚባለው ምዕራፍ ያገኘዋል።